ከምድር ውስጥ ወጡ ወይስ በረዶ ላይ ነጠሩ? የአኒታ ሁለት ሲግናሎች ጉዳይ

ጉዳዩ ባጭሩ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ ዲሴምበር 28 ቀን 2006 አንታርክቲካ ላይ፣ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሂሊየም ባሉን ተንጠልጥሎ ይዞር የነበረ አኒታ የሚባል የአንቴና ስብስብ ከታች ከበረዶው በኩል የመጣች አንዲት አጭር የሬዲዮ ምት ቀዳ። ምቷ ከአግድሙ 27 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ካለ አቅጣጫ ነው የመጣችው። ከስምንት ዓመት በኋላ ዲሴምበር 20 ቀን 2014፣ በሦስተኛው በረራ ላይ፣ ሌላ ተመሳሳይ መጣች፣ እቺኛዋ 35 ዲግሪ ላይ። ሁለቱም ሲታዩ የሆነ ነገር ምድርን ሰንጥቆ ከበረዶው ወደ ሰማይ የወጣ ነው ሚመስሉት። እንደዛ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ወደ 5,700 ሁለተኛው ወደ 7,200 ኪሎ ሜትር ድንጋይ አቋርጧል ማለት ነው፣ እና ምቶቹ በሚያሳዩት ከፍተኛ ጉልበት ያን ያህል ምድር ሚሻገር የምናውቀው ፓርቲክል (ረቂቅ ቅንጣት) የለም። ለዓመታት "አዲስ ፓርቲክል ይሆን እንዴ?" ሲባል የከረመው በዚ ምክንያት ነው።

ጅማ ነው ማስተምረው፣ ፊዚክስ። ቅዳሜ ከሰዓት ኮቺ አካባቢ አንድ ክፍል ውስጥ የማስተርስ ተማሪዎችና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን እንሰበሰብና አንድ የታተመ ጉዳይ መርጠን እስኪበቃን እንከራከርበታለን። ጅማ ኒውትሪኖ (ከሌላ ነገር ጋ ብዙም ማይጋጭ በጣም ቀላል ፓርቲክል) የሚያይ ቴሌስኮፕ የላትም፣ ኢትዮጵያም የላትም፣ ግን የዚህ ዘርፍ ወረቀቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም አርካይቭ የሚባለው ድረ ገፅ ላይ በነፃ ይገኛሉ፣ አንታርክቲካ ያለው አይስኪዩብ የሚባለው የኒውትሪኖ ቴሌስኮፕም ዳታውን በየጊዜው ለህዝብ ይለቃል፣ ስለዚ የጎደለን በረዶው ብቻ ነው ብዬ ነው ልጆቹን ማፅናናው።

አኒታን የመረጥነው በወሬው ምክንያት ነው። ሜይ 2020 ላይ፣ ኮሮና ገብቶ ካምፓስ ተዘግቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ስልኩ ላይ ተጥዶ በነበረበት ሰዓት፣ "ናሳ ጊዜ ወደ ኋላ ሚሄድበት ፓራለል ዩኒቨርስ አገኘ" የሚል ዜና ዓለምን ዞረ፣ በቴሌግራም እኛም ጋ ደረሰ። ያኔ ፎርዋርድ ያደረጉልኝ ሰዎች አሁንም ሲያገኙኝ "ያ ነገር ምን ደረሰ?" ይሉኛል። ናሳ ምንም ዩኒቨርስ አላገኘም። ናሳ ባሉኑን ነው ያበረረው። ወሬው የመጣው 2018 ላይ ቲዎሪስቶች ከፃፉት አንድ ወረቀት ነው፣ ከቢግ ባንግ በፊት የኛ ዩኒቨርስ የመስታወት ምስል የሆነ ሌላ ነበር የሚል ሞዴል አለ፣ ሞዴሉ አንድ ከባድ ኒውትሪኖ እንዲኖር ይጠይቃል፣ ያ ኒውትሪኖ ምድር ውስጥ ተጠራቅሞ እየፈረሰ ይሆን ወይ አኒታ ያየው ብለው ጠየቁ። ጥያቄ ነው እንግዲህ። ጋዜጣው ጥያቄውን ጥሎ መስታወቱን ብቻ ወሰደ።

ወደ ዕቃው እንምጣ። አኒታ ሲሰራ ዋና ዓላማው ኒውትሪኖ ማደን ነው። ጉርገን አስካርያን የሚባል የሶቪየት ፊዚሲስት 1962 ላይ እንዳለው ከፍተኛ ጉልበት ያለው ፓርቲክል ጥቅጥቅ ያለ ነገር ውስጥ ገብቶ ሲጋጭ የሚፈጠረው የፓርቲክል ጎርፍ ኤሌክትሮን ይበዛበትና የሬዲዮ ምት ይለቃል። በረዶ ደግሞ ለሬዲዮ እንደ መስኮት ነው፣ ያሳልፋል። ስለዚ ከላይ ሆነህ መላውን አንታርክቲካ ብታዳምጥ አንድ ትልቅ ዲቴክተር ሆነልህ። አይስኪዩብ በተቃራኒው እዛው በረዶ ውስጥ የተቀበረ ነው፣ ደቡብ ዋልታ ላይ 86 ገመድ በሙቅ ውሃ በተቆፈረ ጉድጓድ ወርዶ 5,160 የብርሃን ሴንሰር ከ1,450 እስከ 2,450 ሜትር ጥልቀት ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር በረዶ ይጠብቃል። ግንባታው ያለቀው ዲሴምበር 2010 ነው። አንዱ በራሪ ሌላው ቅብር፣ አንዱ ሬዲዮ ሌላው ብርሃን፣ አንዱ ለሳምንታት ብቻ ሚሰራ ሌላው ዓመቱን ሙሉ። ይሄን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ ይጠቅማል።

አኒታ ኒውትሪኖ ሲፈልግ ያልጠበቀው ነገር ገባለት፣ ኮስሚክ ሬይ። ከጠፈር የመጣ ፓርቲክል አየሩን ሲመታ የፓርቲክል ጎርፍ ይፈጠራል፣ የምድር ማግኔቲክ ፊልድ ደግሞ ኤሌክትሮኑንና ፖዚትሮኑን ወደ ግራና ቀኝ ይለያቸዋል፣ በዚ መሃል የሬዲዮ ምት ይወጣል። አንታርክቲካ ላይ ማግኔቲክ ፊልዱ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ መለያየቱ በአግድም ነው፣ ስለዚ ሲግናሉ ሆሪዞንታል ነው፣ ማለት ሞገዱ ሚወዛወዘው በአግድም ነው። ከበረዶ ውስጥ የሚወጣው የኒውትሪኖ ሲግናል ደግሞ በአብዛኛው ቨርቲካል። ለዛም ነው ሁለተኛው በረራ ላይ "ኒውትሪኖ ቨርቲካል ነው፣ ሆሪዞንታሉ ምን ያደርግልናል" ተብሎ ከትሪገሩ (የቱ ሲግናል ይቀዳ ብሎ ከሚመርጠው ክፍል) የወጣው፣ በዚም የተነሳ ያ በረራ ስለ ኮስሚክ ሬይ ብዙም ሚነግረን የለም። ሦስተኛው ላይ መለሱት፣ ወዲያው ሁለተኛዋ ጉደኛ ምት ተገኘች።

አብዛኛው የኮስሚክ ሬይ ሲግናል ወደ ታች ወርዶ በረዶው ላይ ነጥሮ ነው አኒታ ጋ ሚደርሰው፣ ሲነጥር ደግሞ ሞገዱ ይገለበጣል፣ ማለት ቀድሞ ወደ ላይ ይወጣ የነበረው ጫፍ ወደ ታች ይሆናል። ጥቂቶቹ ከአድማስ በላይ በአየር ውስጥ በቀጥታ ይመጣሉ፣ እነሱ አይገለበጡም። 2010 ላይ በታተመው የመጀመሪያው በረራ ውጤት ከ16ቱ 14ቱ ነጥረው የመጡ፣ 2ቱ ቀጥታ የመጡ ነበሩ። ደንቡ ቀላል ነው፣ ከታች ከመጣ ተገልብጦ፣ ከላይ ከመጣ ሳይገለበጥ። የኛዎቹ ሁለቱ ከታች መጡ፣ አልተገለበጡም። ጉዳዩ በሙሉ እዚች ላይ ነው የተንጠለጠለው። የ2006ቷ ምት በዝርዝር የታተመችው 2016 ላይ ነው፣ ከአስር ዓመት በኋላ። ይሄ መዘግየት ለኔ የሰዎቹን ጥንቃቄ ነው ሚነግረኝ።

ቅዳሜው ላይ መብራት ጠፋ፣ ጅማ ዝናቡ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፣ ፕሮጀክተሩ ስለማይሰራ ሞገዶቹን በወረቀት አትሜ ይዤ ነበርና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናቸው፣ አንድ መደበኛ ነጥሮ የመጣ፣ አንድ ጉደኛው። ከተማሪዎቹ የአንዷ አጎት መርካቶ አካባቢ ዲሽ ሚገጥሙ ሰው ናቸው፣ እሷን ሊወስዱ መጥተው ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጡ። ወረቀቶቹን አይተው አይተው አንዱን አነሱና አዙረው ከሌላው ጎን አስቀመጡት።

"ቲቸር፣ ይሄ እኮ ያው ነው፣ ገልብጠህ ነው ያተምከው።"

"እሱ ነው ጉዳዩ ጋሼ፣ እኔ አልገለበጥኩትም፣ እንደዛ ሆኖ ነው የመጣው።"

"ቨርቲካልና ሆሪዞንታል ነው ምትለኝ? ዲሹ ላይ ያለውን ኤልኤንቢ ብታዞረው ይስተካከላል።"

እዚ ጋ ሁለት ነገር መለየት ነበረብን። ቨርቲካልና ሆሪዞንታል ሚባለው ሞገዱ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚወዛወዝ ነው፣ ፖላራይዜሽን። አኒታ ላይ የተገለበጠው ግን ምልክቱ ነው፣ ፕላስ ይቀድማል ወይስ ማይነስ፣ ፖላሪቲ። ሁለቱ ምቶች ሆሪዞንታል ናቸው፣ ልክ እንደ ኮስሚክ ሬይ፣ የሚለዩት በፖላሪቲው ብቻ ነው። እሳቸው ቶሎ ገባቸው፣ ለነገሩ አኒታ ሚሰማው ፍሪኩዌንሲ ከ200 እስከ 1,200 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፣ ከኤልኤንቢ ወደ ሪሲቨር በገመድ ሚወርደው ደግሞ ከ950 ይጀምራል፣ ከፊሉ የሳቸው ሰፈር ነው። ከዛ ድሮ በአንቴና ኢቲቪ ሲሳብ ሲግናሉ ተራራ ላይ እየነጠረ ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይታይ እንደነበር አወሩንና "ነጥሮ ከመጣ የግድ ይገለበጣል? ሁለቴ ቢነጥርስ?" አሉ። ክፍሉ ዝም አለ። ሁለቴ ቢነጥር ሁለቴ ይገለበጥና ወደነበረበት ይመለሳል። በዚ መንገድ የሄዱ እውነተኛ ተመራማሪዎች አሉ፣ ትንሽ ቆይቼ እደርስበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን የታወቁት ተጠርጣሪዎች ይጥሩ።

ተጠርጣሪ አንድ፣ ተራ ታው ኒውትሪኖ፣ ከሦስቱ የኒውትሪኖ ዓይነቶች አንዱ። ኒውትሪኖው ምድር ውስጥ ገብቶ ከገፅታው አጠገብ ሲጋጭ ታው የሚባል ፓርቲክል ይፈጥራል፣ ታው ከበረዶው ወጥቶ አየር ላይ ይፈርሳል፣ ወደ ላይ የሚሄድ ጎርፍ ይሆናል፣ ሲግናሉ አይገለበጥም። ቆንጆ ነው፣ ችግሩ ማዕዘኑ ነው። የነዚህ ምቶች ጉልበት 0.6 ኤክሳ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ተገምቷል፣ ይሄ ሴርን (አውሮፓ ያለው የፓርቲክል ምርምር ማዕከል) ያለው ትልቁ ማሽን ለአንድ ፕሮቶን ከሚሰጠው ጉልበት ከ80 ሺህ ጊዜ በላይ ነው። ኒውትሪኖ ምንም ውስጥ ያልፋል ሲባል ሰምተን አድገናል፣ ግን ጉልበቱ ሲጨምር መጋጨቱም ይጨምራል፣ በዚ ደረጃ ላይ ምድር ውስጥ በአማካይ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ ይጋጫል። 5,700 ኪሎ ሜትር ማለት ከዛ ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ታው ኒውትሪኖ ለአድማስ ቅርብ በሆነ ማዕዘን፣ አንድ ሁለት ዲግሪ ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም አይገረምም ነበር።

እዚ ጋ አንዱ ተማሪ ጥሩ ነጥብ አነሳ፣ ታው ሲፈርስ እኮ ሌላ ታው ኒውትሪኖ ይወልዳል፣ ጉልበቱ ይቀንስ እንጂ ጉዞው ይቀጥላል አለ። ልክ ነው። አይስኪዩብ ወደ ጉዳዩ የገባውም በዚች ቀዳዳ ነው። ለአኒታ ሁለት ምት ሊያደርስ የሚችል ኃይለኛ ምንጭ ሰማይ ላይ ካለ ምድር ውስጥ ጉልበታቸውን እየጣሉ የሚመጡ ብዙ ኒውትሪኖዎች አሉ ማለት ነው፣ እነሱ ደግሞ አይስኪዩብ ደህና አድርጎ ሚያየው የጉልበት ክልል ውስጥ ነው ሚወድቁት። ሰዎቹ የብዙ ዓመት ዳታ ይዘው ምቶቹ ወደመጡበት አቅጣጫ አዩ፣ በዛው ቅፅበትም፣ ሰፋ ባለ ጊዜም፣ ሁሌ በሚያበራ ምንጭ ግምትም። ምንም የለም። ውጤቱ አርካይቭ ላይ የወጣው ጃንዋሪ 2020 ነው። ማለት የፓራለል ዩኒቨርሱ ወሬ ጅማ ሲደርስ የታወቀው ኒውትሪኖ ከአንድ ሰማያዊ ምንጭ መጥቶ ይሆናል የሚለው ከተዘጋ አራት ወር አልፎት ነበር። ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚመጣ ፍሰት ነው እንዳይባል ደግሞ 2019 ላይ በታተመ ስሌት ያ ፍሰት ቢኖር አይስኪዩብና አርጀንቲና ያለው ኦዤ የሚባለው የኮስሚክ ሬይ ኦብዘርቫቶሪ ቀድመው ባዩት ነበር ተብሏል።

ተጠርጣሪ ሁለት፣ አዲስ ፓርቲክል። ክፍሉ የሞቀው እዚ ላይ ነው። ሴፕቴምበር 2018 ላይ የፔን ስቴት ተመራማሪዎች እነዚህ ምቶች ስታው ይሆናሉ ብለው ፃፉ። ስታው ሱፐርሲሜትሪ በሚባለው ሃሳብ ውስጥ የታው ከባድ ጓደኛ ነው፣ እስካሁን ማንም አላየውም። ሃሳቡ እንዲህ ነው፣ ኃይለኛ ኒውትሪኖ ምድር ውስጥ ሲጋጭ ስታው ይወልዳል፣ ስታው ቶሎ አይፈርስም፣ ከድንጋይ ጋርም ብዙ አይጋጭም፣ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አልፎ ከበረዶው ሲወጣ ይፈርሳል። ከአየር የተወሰደ ሃሳብ አይደለም፣ 2004 ላይ ራሱ ኒውትሪኖ ቴሌስኮፖች ስታው ሊይዙ ይችላሉ ተብሎ ተፅፎ ነበር፣ ጥንድ ሆነው ስለሚወለዱ ዲቴክተሩ ውስጥ ሁለት ትይዩ መስመር ሰርተው ያልፋሉ ተብሎ ነው፣ አንድ ሙዮን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ) አንድ መስመር ነው ሚሰራው፣ ሁለት ተራርቀው ትይዩ ሚሄዱ መስመሮች ከታዩ ግን ማስረጃው ዓይን ያወጣ ይሆናል። ሌሎች ደግሞ ስቴራይል ኒውትሪኖ አሉ፣ ከምንም ጋ ማይጋጭ አራተኛ ኒውትሪኖ፣ ምድርን እንደ ባዶ አልፎ መጨረሻ ላይ ወደተለመደው የሚቀየር።

አንዷ ተማሪ የስታው ጠበቃ ሆና ቆመች። "መምህር፣ ከ5 ሲግማ በላይ ይላል እኮ፣ በፓርቲክል ፊዚክስ 5 ሲግማ ግኝት ነው።" ሲግማ ማለት ነገሩ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን እድሉ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ መለኪያ ነው። ወረቀቱን አብረን ደግመን አነበብነው። ከ5 ሲግማ በላይ የተባለው ምንድነው? በምናውቃቸው ፓርቲክሎች ብቻ ማስረዳት አይቻልም የሚለው ነው። ስታው ነው የሚለው አይደለም። እሱም ቢሆን ምቶቹ የእውነት ከምድር ውስጥ ወደ ላይ የወጡ ናቸው ብለን ከተነሳን ነው። ከስር ያለው ግምት ካልተፈተነ ሲግማው መቶም ቢሆን ስለ ግምቱ ምንም አይልም። ልጅቷ አልተዋጠላትም፣ "ታዲያ ሁሉንም ግምት እየፈተንን መቼ አዲስ ነገር ልናገኝ ነው?" አለች። በኔ እይታ ይሄ ቅሬታ ትክክለኛ ነው፣ አዲስ ፓርቲክል ፍለጋ ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ዕድሜውን ሚያጠፋው አዲስ ያልሆነውን በማባረር ነው፣ አሰልቺ ነው፣ ሌላ መንገድ ግን እስካሁን አላየሁም።

ተጠርጣሪ ሦስት፣ በረዶው ራሱ። ጋሼ የጠየቁት ነገር ማለት ነው። 2020 ላይ አንድ ቡድን አንታርክቲካ ላይ ያለው የተጠቀጠቀ ስኖ አንድ ወጥ አይደለም ብሎ ተነሳ። ሬዲዮ ከአየር ወደ በረዶ ሲገባ፣ ከሳሳው ወደ ጥቅጥቁ ማለት ነው፣ የሚነጥረው ክፍል ይገለበጣል። ከጥቅጥቅ ወደ ሳሳ ከሆነ ግን ነጥሮም አይገለበጥም። ስለዚ ከላይ ጠጣር፣ ከስር ሳሳ ያለ ንጣፍ ያለበት ቦታ ላይ ተራ ኮስሚክ ሬይ ቢያርፍ አኒታ ያየውን ይመስላል። ከበረዶ ስር ያሉ ሀይቆችም ተነስተዋል። ይሄ ሃሳብ ለኔ ከሁሉም ይጥመኛል፣ አዲስ ፊዚክስ አይጠይቅም፣ ሄዶ መለካት ይቻላል።

ለኩትም። አኒታ በሚበርበት ጊዜ ሃይካል የሚባል ሌላ ትንሽ ባሉን አብሮት ይበር ነበር፣ ስራው የሬዲዮ ምት መልቀቅ ብቻ ነው፣ አኒታ ምቱን አንዴ በቀጥታ አንዴ በረዶው ላይ ነጥሮ ይቀበለውና ሁለቱን ያወዳድራል። (ጋሼ ይሄን ሲሰሙ "እንዲህ ነው ስራ" አሉ፣ ከሁሉም ወረቀት ይሄኛው ነው የማረካቸው።) የአኒታ ቡድን 2021 ላይ ይሄን ዳታ ጨምሮ መርምሮ ከበረዶ ስር ያሉ ንጣፎች ሁለቱንም ምቶች የመፍጠር እድላቸው አነስተኛ ነው አለ። ተማሪዎቹ ተበሳጩ፣ እኔም ትንሽ ከፋኝ፣ ምክንያቱም የምወደው መልስ ነበር።

በዚህ መሃል አራተኛው በረራ ነገሩን አወሳሰበው። 2016 የበረረው አኒታ አራት ሌሎች ያልተገለበጡ ምቶች አገኘ፣ ግን እነዚህ ከአድማስ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ነው ዝቅ ያሉት፣ በማዕዘን ሲታይ ተራ ታው ኒውትሪኖ ቢሆኑ ያስኬዳል፣ ግን እንደዛ ቢሆኑ ኦዤም ባያቸው ነበር የሚለው ችግር እዚም አለ። የቁልቁል ማዕዘን ያላት ሦስተኛ እህት አልመጣችም።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከኦዤ ነው፣ 2025 ላይ። ኦዤ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት ላይ የተዘረጋ ነው፣ ዙሪያው ላይ ደግሞ ጨለማ ሌሊት ላይ የአየሩን ደካማ ብርሃን የሚያዩ ቴሌስኮፖች አሉት። የ14 ዓመት ዳታ ውስጥ ከመሬት ወደ ላይ የሚወጣ የፓርቲክል ጎርፍ ፈለጉ። አንድ አገኙ። ከተራ ስህተት ብቻ ሊመጣ የሚችለው 0.27 ተገምቶ ስለነበር አንዷ ምንም አታስደንቅም። የአኒታ ምቶች የእውነት ወደ ላይ የሚወጡ ጎርፎች ቢሆኑ ኦዤ በርከት ያሉ ማየት ነበረበት። ይሄኛው ከአይስኪዩቡ ሰፋ ይላል። አይስኪዩብ የዘጋው የታወቀውን ኒውትሪኖ ነው፣ ስታው ጠበቃችን "የኔ ልጅ እኮ በዛ ደንብ አይዳኝም" ማለት ትችል ነበር። ኦዤ ግን የፓርቲክሉን ስም አይጠይቅም፣ ስታውም ሆነ ስቴራይል አየር ላይ ጎርፍ ከፈጠረ ያየዋል፣ ስለዚ ጠበቃዋ ይሄን ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጥ አለች፣ ከዛ "ጎርፍ ካልሆነስ?" አለች። እሱም ተፅፏል፣ 2019 ላይ የኮስሚክ ሬይ ጎርፍ ራሱ አየሩን ጨርሶ በረዶው ላይ ሲያርፍ በድንበሩ ላይ የተለየ ሬዲዮ ይለቃል የሚል ሃሳብ ቀርቧል።

እንግዲህ አሁን የቆምንበት ይሄ ነው፣ የታወቀ ኒውትሪኖ አይደለም፣ ወደ ላይ የወጣ አዲስ ፓርቲክል ነው የሚለው በጣም ተዳክሟል፣ በረዶው ነው የሚለውም በደንብ አልቆመም። ሁለቱ ምቶች ግን አሉ፣ ማንም አልሰረዛቸውም። እኔ ብጠየቅ ከበረዶው ወይም ከሬዲዮው አካሄድ ጋ የተያያዘ እስካሁን በትክክል ያልገባን ነገር ነው እላለሁ፣ ሁለት ምት ብቻ ይዞ ግን ውርርድ አልገባም። የአኒታ ተተኪ የሆነው ፑዌኦ የሚባለው ባሉን 2021 ላይ በናሳ ተመርጧል፣ አንቴናው ከአኒታ ይበዛል፣ ደካማ ሲግናልም ይለያል። እሱ ላይ መታየት ያለበት አንድ ነገር ነው፣ ከቁልቁል ማዕዘን ያልተገለበጠ ምት በብዛት ይመጣል ወይስ አይመጣም። ከመጣ ደግሞ የትኛው በረዶ ላይ፣ ሁሉም ቦታ ወይስ አንድ ሰፈር ብቻ።

ስታው ጠበቃዋ ልጅ ለቴሲስዋ ርዕስ ቀየረች። ንጣፍ በንጣፍ የተደራረበ ስኖ ላይ የሬዲዮ ምት ልካ ስንቴ ተገልብጦ ስንቴ ሳይገለበጥ እንደሚመለስ ላፕቶፕ ላይ ትቆጥራለች፣ አጎቷም ኮዱ መቼ እንደሚያልቅ በየሳምንቱ ይጠይቋታል።